የሚሞቀው ጃኬትዎ በሦስት ሰዓት ውስጥ ለምን ጠፋ?

በሚኒሶታ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ በመጫንና በማውረድ የሚሠሩ አንድ ወንድማችን እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «አሥር ሰዓት ይሠራል ተብሎ የገዛሁት በባትሪ የሚሞቅ ጃኬት በሦስት ሰዓት ውስጥ ይጠፋል። ጃኬቱ እየሠራም ቢሆን ጣቶቼን ይቆፍነኛል። ተታልዬ ነው? ትልቅ ባትሪ ልግዛ ወይስ የሚሞቅ ጓንት? ደብረ ብርሃን የሌሊት ጥበቃ ለሚሠሩት አባቴም አንድ ለመላክ አስቤአለሁ፤ ይጠቅማቸዋል?»

ጃኬትዎ የተበላሸ አይመስለኝም። አሥር ሰዓት የሚለው ማስታወቂያም ፈጽሞ ውሸት ላይሆን ይችላል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ቁጥር የሚገኘው በአዲስ ባትሪ፣ በዝቅተኛው የሙቀት ደረጃ፣ ብርድ በሌለበት ክፍል ውስጥ ሲለካ ነው። እርስዎ ደግሞ በክረምት ሌሊት ሜዳ ላይ ቆመው፣ ቁልፉን ከፍተኛው ደረጃ ላይ አድርገው እንደሚጠቀሙበት እገምታለሁ።

ባትሪውን ከኪሱ ያውጡና ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ያንብቡ። በአብዛኞቹ እንዲህ ባሉ ጃኬቶች ላይ 7.4 ቮልት እና 5000 ሚሊ አምፔር ሰዓት፣ ማለትም 5 አምፔር ሰዓት፣ ወይም ለዚህ የቀረበ ቁጥር ያገኛሉ። ሁለቱን ሲያባዙ 37 ዋት ሰዓት ይሆናል። በእጅዎ ያለው ጉልበት ይህ ብቻ ነው። ጃኬቱ በከፍተኛው ደረጃ 12 ዋት የሚወስድ ከሆነ፣ 37 ለ12 ሲካፈል ሦስት ሰዓት ገደማ ይመጣል። በዝቅተኛው ደረጃ 4 ዋት ብቻ ቢወስድ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይቆያል። የእርስዎ ሦስት ሰዓት ከሂሳቡ ጋር ይገጥማል።

ሌላ ባትሪ ለመግዛት ሲነሱም ይህንኑ ስሌት ይያዙ። ሻጮች ጎላ አድርገው የሚጽፉት ሚሊ አምፔር ሰዓቱን ነው፤ እሱ ብቻውን ግን ምንም አይነግርዎትም። 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የተጻፈበት የስልክ ፓወር ባንክ ከጃኬትዎ ባትሪ እጥፍ ይመስላል። ነገር ግን ያ ቁጥር የሚለካው በውስጡ ባለው 3.7 ቮልት ስለሆነ ሲባዛ ያው 37 ዋት ሰዓት ነው። ወደ 5 ቮልት ሲለወጥ ከዚያም ላይ የሚባክን አለ። ስለዚህ ሁልጊዜ ዋት ሰዓቱን ይጠይቁ። በጥሩ ባትሪ ላይ በግልጽ ታትሞ ይገኛል።

ብርዱ ራሱም ከባትሪው ይቀንሳል። በሊቲየም ባትሪ ውስጥ ያለው ኬሚካላዊ ሂደት ሲቀዘቅዝ ይዘገያል፤ ኤሌክትሪክ እንዳይፈስ የሚያግደው ውስጣዊ መቋቋሙ ስለሚጨምር ቮልቴጁ ይወርዳል፤ መቆጣጠሪያው ደግሞ ባትሪው አለቀ ብሎ ያጠፋዋል። ጃኬቱ ውጭ ጠፍቶብዎ፣ ማረፊያ ክፍል ገብተው ጥቂት ሲቆዩ ተመልሶ የሚበራው በዚህ ምክንያት ነው። ጉልበቱ ውስጡ ነበር፤ ብርዱ አላስወጣው ብሎ ነው። መፍትሔው ባትሪውን ወደ ሰውነት ማስጠጋት ነው። የባትሪው ኪስ በውጭ በኩል ያለ ጃኬት ከሆነ፣ ከላይ ሌላ ልብስ ይደርቡበት። ከብርድ ሲገቡ ደግሞ ባትሪውን ወዲያው ቻርጀር ላይ አይሰኩት፤ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይጠብቁ። የሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ ሴልሽየስ በታች ሆኖ ሲሞላ፣ ሊቲየሙ በውስጡ እንደ ብረት ይለጠፋል። ጉዳቱ አይመለስም፤ አደጋም አለው። በክረምት መኪና ውስጥ ያደረ ባትሪም በዚሁ ይቆጠራል።

አሁን ከሁሉ በላይ ልብ እንዲሉልኝ ወደምፈልገው ነገር ልግባ። ዝም ብሎ የተቀመጠ ጎልማሳ ሰው ከሰውነቱ ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያመነጫል። ሻንጣ ሲያነሳና ሲያስቀምጥ ደግሞ 300 ዋትና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ጃኬትዎ በሙሉ አቅሙ የሚሰጥዎት 12 ዋት ነው። ትልቁ ማሞቂያ እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ ባትሪው ረዳት ነው። የለበሱት ልብስ የራስዎን 100 ዋት መያዝ ካልቻለ 12 ዋት አያድንዎትም። በርና መስኮቱ ወለል ብሎ በተከፈተ ቤት ውስጥ ከሰል እንደማቀጣጠል ነው። የሰዎች ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው፤ ውድ ባትሪ ይገዙና ስስ ጃኬት ለብሰው ነፋስ ላይ ይቆማሉ።

በባትሪ የሚሞቁት ጃኬቶች አብዛኞቹ ስስ ናቸው፤ ብቻቸውን ለከባድ ክረምት የተሠሩ አይደሉም። ስለዚህ የሚሞቀውን ልብስ መሃል ያድርጉት። ከሥር ገላ ላይ የሚለጠፍ ስስ የሱፍ ወይም የፖሊስተር ተርማል፣ በላዩ የሚሞቀው ጃኬት ወይም ሰደርያ፣ ከዚያ ሙቀት የሚይዝ ወፍራም ልብስ፣ ከሁሉም በላይ ነፋስ የማያስገባ ካፖርት። ከሥር የጥጥ ካናቴራ አይልበሱ። ጥጥ ላብ ጠጥቶ ይይዛል፤ እርጥቡ ጨርቅም ያመነጩትን ሙቀት ይወስደዋል። የሚሞቀው ልብስ ገላዎ ላይ ጠበቅ ማለት አለበት፤ ሰፊ ከሆነ ማሞቂያው ገላዎን ሳይነካ በመሃል ያለውን አየር ሲያሞቅ ያድራል። ለእርስዎ ሥራ ከጃኬት ይልቅ ሰደርያ የተሻለ ነው እላለሁ፤ እጅጌ ስለሌለው ሻንጣ ሲያነሱ አይዝዎትም፣ ከሥር ለመልበስም ይመቻል።

ነፋሱን አይናቁ። የአየሩ ሙቀት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሽየስ ሆኖ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነፋስ ካለ፣ የተራቆተ ገላ የሚሰማው ከዜሮ በታች 33 ያህል ነው። የአሜሪካ የአየር ትንበያ አገልግሎት እንደሚለው፣ ዜሮ ዲግሪ ፋራናይት ላይ በሰዓት 15 ማይል ነፋስ ሲነፍስ የተራቆተ ቆዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሊረጋ ይችላል። ሚኒሶታ ውስጥ ይህ የተለመደ የክረምት ሌሊት ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 ሚኒያፖሊስ ነፋሱ ሳይታሰብ እንኳ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ሴልሽየስ ደርሳ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን የትኛውም ባትሪ አይበቃም። ውጭ የሚቆዩበትን ጊዜ ማሳጠርና በየተራ እየገቡ መሞቅ ብቻ ነው የሚያዋጣው፤ ይህንንም ከአለቃዎ ያለ ይሉኝታ ይጠይቁ።

መቼ ማብራት እንዳለብዎት ደግሞ ላስረዳ። እርስዎ የሚበርድዎት ሻንጣ ሲጭኑ አይደለም፤ የሚቀጥለውን አውሮፕላን ቆመው ሲጠብቁ ነው። ሲሠሩ ሰውነትዎ ራሱ 300 ዋት እያመነጨ ነው። በዚያ ላይ ማሞቂያው ከበራ ያልብዎታል፤ ላቡ ደግሞ ሥራው ቆም ሲል መልሶ ያቀዘቅዝዎታል። ስለዚህ መጫን ሊጀምሩ ሲሉ ያጥፉት ወይም ዝቅተኛው ላይ ያድርጉት፤ ጨርሰው ሲቆሙ ወዲያው መካከለኛው ላይ ያብሩት፤ ማረፊያ ክፍል ሲገቡ ያጥፉት። ብርዱ እስኪገባዎት ድረስ ግን አይጠብቁ። ሰውነት አንዴ ከቀዘቀዘ በኋላ በጥቂት ዋት ለመመለስ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ሙቀቱን ጠብቆ ለማቆየት ግን ትንሽ ይበቃል። በዚህ መንገድ ያው 37 ዋት ሰዓት አብዛኛውን የሥራ ፈረቃ ሊሸፍን ይችላል።

ወደ ጣቶችዎ ልምጣ። ደረትዎ ሲቀዘቅዝ ሰውነት ልብንና ሳንባን ለማዳን ሲል ወደ እጅና እግር የሚሄዱትን የደም ሥሮች ያጠባል። ጣት የራሱ የሆነ በቂ ሙቀት ማመንጫ የለውም፤ ከደም የሚያገኘውን ነው የሚጠቀመው። ደሙ ሲቀንስበት ይቆፍናል። በ1990ዎቹ የካናዳ መከላከያ ተመራማሪዎች ደረትና ጀርባን በብርቱ በማሞቅ ብቻ፣ በከባድ ቅዝቃዜ ውስጥ ባዶ እጅ እንኳ ሞቆ እንዲቆይ ማድረግ እንደሚቻል አሳይተዋል። የተጠቀሙት ሙቀት ከእርስዎ ጃኬት እጅግ የሚበልጥ ቢሆንም አሠራሩ ያው ነው፤ ገላዎ መሃል ላይ ትርፍ ሙቀት ሲኖር ደሙ ወደ ጣት ይሄዳል። አንገትዎንና ጭንቅላትዎን በደንብ ይሸፍኑ፤ በእጅ አንጓ በኩል በጓንቱና በእጅጌው መካከል ክፍተት አይተዉ። ብዙ ሰው ጓንት ሲቀያይር የሚከርመው ችግሩ አንገቱ ላይ ሆኖ ሳለ ነው።

ይህን አስተካክለው አሁንም ከቆፈንዎ የሚሞቅ ጓንት ይግዙ፤ እኔ ከትልቅ ባትሪ ይልቅ ጓንቱን እመርጥልዎታለሁ። ሲገዙ ማሞቂያው እስከ ጣቶቹ ጫፍ መድረሱን ይመልከቱ። በእጅ ጀርባ ላይ ብቻ የተዘረጋ ርካሽ ጓንት አለ፤ እሱ ጣትን አይደርስለትም። የጓንት ባትሪ ትንሽ ስለሆነ በከፍተኛው ደረጃ ከሁለትና ከሦስት ሰዓት አያልፍም። አንድ ጉድለት ደግሞ ልንገርዎት፦ የብረት እጀታ ጨብጠው ሲሠሩ በመዳፍ በኩል ያለው ሙቀት የሚይዝ ጨርቅ ይጨፈለቃል፤ ማሞቂያው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በጀርባ በኩል ነው። ስለዚህ መዳፉ ወፈር ያለ፣ ቆዳ የለበሰውን ይምረጡ። በቂ ስፋት እንዲኖረውም ያድርጉ፤ የጠበበ ጓንት ደም ስለሚከለክል ከባዶ እጅ ብዙ አይሻልም።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በተለይ መነገር ያለበት ነገር አለ። በአሜሪካና በእንግሊዝ ጦር ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች፣ አፍሪካዊ ዝርያ ያላቸው ወታደሮች ከነጭ ባልደረቦቻቸው በበለጠ በብርድ ጉዳት እንደሚጠቁ አሳይተዋል፤ ልብሱም ስምሪቱም አንድ ሆኖ ሳለ። በብርድ ጊዜ የጣት ደም ሥሮች መልሰው የሚከፈቱበት መንገድ ከሰው ሰው ይለያያልና። በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ምልክት ጎልቶ አይታይም። «ቀይ ሲሆን ነጭ ሲሆን» የሚለውን የመመሪያ ጽሑፍ አይጠብቁ። ቆዳው አመድ መስሎ ከደበዘዘ፣ ሲነኩት ሰም ከመሰለ፣ ሕመሙ ድንገት ጠፍቶ ከደነዘዘ ውርጭ እየመታው ነውና ይግቡ። የሕመሙ መጥፋት መልካም ምልክት አይደለም። አይሹት፤ በረዶም አያስነኩት። ተመልሶ የማይበርድበት ቦታ ከደረሱ በኋላ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ ሴልሽየስ በሆነ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ይንከሩትና ሐኪም ያሳዩት። የደነዘዘ ጣት ላይ የሚሞቅ ጓንት አጥልቀው ከፍተኛው ላይ ማብራት አደገኛ ነው፤ ሲያቃጥልዎት አይሰማዎትም።

ስለ ቃጠሎ ይህን ያህል አጥብቄ የምናገረው ብዙ ሰው አቅልሎ ስለሚያየው ነው። ቆዳን ለማቃጠል የሚፈላ ነገር አያስፈልግም። ከ1947 ጀምሮ የሚታወቅ ልኬት አለ፦ 44 ዲግሪ ሴልሽየስ የሆነ ነገር ቆዳ ላይ ስድስት ሰዓት ያህል ሳይነሳ ከቆየ ያቃጥላል፤ 49 ዲግሪ ሲሆን አሥር ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ማሞቂያው ባዶ ገላ ላይ ማረፍ የለበትም፤ በመሃል ሁልጊዜ ስስ ልብስ ይኑር። እየሞቀ እያለ አይተኙበት። የስኳር ሕመም ኖሮበት እግሩ የሚደነዝዘው ሰው የሚሞቅ ካልሲ ሐኪሙን ሳያማክር ባይጠቀም ይሻላል።

ትልቅ ባትሪ ልግዛ ላሉት፣ መግዛት ከፈለጉ ከዚያው ከአምራቹ ሁለተኛ ተመሳሳይ ባትሪ ይግዙና በእረፍት ሰዓት ይቀያይሩ። ከቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ከውስጥ ኪስ ያኑሩት። ቮልቴጁ የተለየ ባትሪ ግን ፈጽሞ አያገናኙ። የመሰርሰሪያ 12 ቮልት ባትሪ በ7.4 ቮልት ጃኬት ላይ በማገናኛ ሽቦ የሚሰኩ ሰዎች አሉ። ሙቀቱ የሚጨምረው በቮልቴጁ ሬሾ ካሬ (12 ለ7.4 ተካፍሎ ውጤቱ በራሱ ሲባዛ) ስለሆነ፣ 12 ዋት የነበረው ማሞቂያ ከ31 ዋት በላይ ይሆናል። ልብስ ውስጥ ይህ እሳት ነው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደህንነት ኮሚሽን በትክክል የተሠሩ የመሰሉ የሚሞቁ ልብሶችንና ባትሪዎቻቸውን እንኳ በቃጠሎና በእሳት አደጋ ምክንያት ከገበያ ያስሰበሰበባቸው ጊዜያት አሉ። ከመግዛትዎ በፊት የምርቱን ስም በኮሚሽኑ ዝርዝር ይፈትሹ፤ ባትሪው ላይ ዩኤል ወይም አይኢሲ 62133 የሚል የደህንነት ደረጃ ምልክት መኖሩን ይመልከቱ። ያበጠ ባትሪ ካዩ በዚያው ቅጽበት መጠቀሙን ያቁሙ፤ ቆሻሻ ውስጥም አይጣሉት፤ የባትሪ መሰብሰቢያ ያለበት ቦታ ይውሰዱት።

የያዙት ጃኬት ጤነኛ መሆኑን ለማወቅ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ከፍተኛው ላይ ያብሩት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ መዳፍዎን በየማሞቂያው ላይ ያሳርፉ፤ ሁለቱ ደረቶች፣ ጀርባ፣ ኮሌታ። አንዱ ከቀዘቀዘ ብዙውን ጊዜ ሽቦው በሚታጠፍበት ቦታ ተበጥሷል። አንዱ ሲበጠስ ሌሎቹ መሥራታቸው በትይዩ፣ ማለትም እያንዳንዱ በራሱ መስመር፣ ስለተገናኙ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሠራተኞች የለበሱት በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ኤፍ-1 ልብስ በተከታታይ፣ ማለትም በአንድ መስመር፣ የተያያዘ ስለነበር፣ አንድ ቦታ ሲበጠስ ሙሉው ይጠፋ ነበር። ማሞቂያው በከፊል ብቻ ሞቆ አንድ ነጥብ ላይ ከልክ በላይ የሚግል ከሆነ ግን ልብሱን ይተዉት።

በሥራ ቦታዎ ደግሞ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አውሮፕላን ነዳጅ በሚቀዳበት አካባቢ የግል ባትሪ ያለው ልብስ መልበስ በአሠሪዎ ደንብ የተፈቀደ መሆኑን ያረጋግጡ። አንጸባራቂ ሰደርያዎንም የሚደርቡት ካፖርት እንዳይሸፍነው ከሁሉ በላይ ያድርጉት። እግርዎን በተመለከተ፣ የሚሞቅ ካልሲ ከመግዛትዎ በፊት በጫማዎ ውስጥ ወፍራም የሱፍ ገበር ያስገቡ፤ ኮንክሪቱ ከሥር ሙቀት ይወስዳልና። ቆመው ሲጠብቁ ካርቶን ወይም ጎማ ላይ ይቁሙ።

አባትዎን በተመለከተ መልሴ አዎን፣ ይጠቅማቸዋል፤ ምናልባትም ከእርስዎ በላይ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጥርት ባለ ሌሊት አመዳይ ይጥላል። ይሁንና ብርዱ እንደ ሚኒሶታ አይደለም፤ ዜሮ አካባቢ ስለሆነ ባትሪው አቅሙን ብዙም አያጣም፤ ዝቅተኛው ደረጃም ይበቃል። ተቀምጠው የሚያድሩ ሰው በመሆናቸው ሰውነታቸው የሚያመነጨው ሙቀት አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ዋት ለእሳቸው ብዙ ይሠራል። በ5 ቮልት ከተራ ፓወር ባንክ የሚሠራውን ሰደርያ ይላኩላቸው። የልዩ ባትሪ ቻርጀር ቢበላሽ እዚያ መተኪያ ማግኘት ያስቸግራል፤ የስልክ ቻርጀር ግን በየሱቁ አለ። የሚልኩት ቻርጀር ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መኖሩን ያረጋግጡ፤ የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልት ነው። ሰደርያውን ከሸሚዛቸው በላይ፣ ከካፖርታቸውና ከጋቢያቸው ሥር እንዲለብሱት ይንገሯቸው። የመንዝ ባና ካላቸው ደግሞ ከየትኛውም ዘመናዊ ጨርቅ አያንስም።

ባትሪውን በፖስታ ለመላክ ጥብቅ ገደብ ስላለበት ከሚሄድ ሰው ጋር ይላኩት። መንገደኛው በሻንጣ ሳይሆን በእጁ ይያዘው፤ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ከአውሮፕላኑ ሆድ በሚገባ ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ልዩ ፈቃድ በእጅ ይሄዳል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ከላይ ያሰላነው ዓይነት 37 ዋት ሰዓት ባትሪ ወይም ፓወር ባንክ ከሆነ ችግር የለም፤ ብቻ ከልብሱ ተነቅሎ፣ ጫፉ ተሸፍኖ በራሱ ከረጢት ይቀመጥ።

አባትዎ ዕድሜያቸው የገፋ ከሆነና ስኳር ካለባቸው ከላይ ስለ ቃጠሎ የጻፍኩትን በስልክ ያንብቡላቸው። ባትሪውን ቀን ቀን፣ ቤት ውስጥ ሰው እያለ፣ ከአልጋና ከጭድ ርቆ እንዲሞሉት ያድርጉ። ከሰደርያው ጋር ጥቂት ገንዘብ ጨምረው ወፍራም አጎዛ ያስገዙላቸው፤ ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ላይ የሚቀመጥ ጥበቃ ከተቀመጠበት በኩልም ብዙ ሙቀት ያጣል።